ጋሼ ኤልሳዕ ያላነበቡልኝ መስመር

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዝናብ። ባጃጁ ጭቃ መሀል አወረደኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁትም» አለኝ ልጁ። እሱ ካላየ እኔ ምን ልበል? ጫማዬን ቢሮ በር ላይ እያራገፍኩ ገባሁ።

ክፍሉ አሁንም ካርቶን ካርቶን ይሸታል። በዕርዳታ የመጡት ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ኮምፒውተር ለማስተምራቸው ለኮሌጁ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ተብለው ነው የመጡት፣ አሮጌ ናቸው፣ ግን ይሠራሉ። ችግሩ አይናገሩም። ለኛ የማይናገር ኮምፒውተር ጣውላ ነው። ላም አለኝ በሰማይ…

ሜሪ ጠዋት መጣች። ከወላይታ፣ ከገሱባ ነው የመጣችው፣ አፏን የፈታችው በወላይትኛ ነው፣ ለመምህርነት ነው የምትማረው፣ እንደኔው ዓይነ ስውር ናት። ማጠቃለያ ፈተናውን ሁለቴ ወድቃለች። ሁለቴም የተፈተነችው በሰው አንባቢ ነው።

«አንባቢው ክፉ ነበር?» አልኳት።

«አይ፣ ጥሩ ሰው ነው መምህር። ግን ‹ለ›ን ቀስ ብሎ ያነባል። ‹መ›ን ጮክ ብሎ ያነባል። እኔም ‹መ› ነው ብዬ ነገርኩት።»

ሊረዳት ፈልጎ ነው እንግዲህ! ለሱ ትክክል የመሰለውን እያጎላ… «አሁን የወደቅኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው፣ አላውቅም» አለች። ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ዲኑን ለመንኩት። እስከ ሰኔ 10 የሚናገር ኮምፒውተር ካቀረብኩ ሜሪ ብቻዋን ትፈተናለች አለኝ። ካልሆነ ያው በአንባቢ።

ተዘጋጅቶ የሚወርደውን ሊኑክስ፣ ያን ነፃ ሲስተም፣ ሞክሬው ነበር። እነዚህ አሮጌዎች ላይ ሲነሳ ግማሽ መንገድ ላይ ድርቅ ይላል። ስለዚህ ከርነሉን፣ ማለት የሲስተሙን እምብርት፣ ራሴ እየሠራሁት ነው። የማያስፈልገውን ቆርጬ፣ ገና ሲበራ ጀምሮ እንዲናገር አድርጌ። ላፕቶፔ ኮምፓይል እያደረገ፣ ማለት ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ እየለወጠ፣ ስለሆነ ነው ይህን በብሬይል ሰሌዳና መውጊያ የምወጋው። ደስ ይላል ደግሞ። ብሬይል ቤቴ ውስጥ ከኔ በቀር የሚያነብ የለም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ በሄደ ቁጥር ኮምፓይሉ ከመጀመሪያው።

ከሰዓት በኋላ አለቀ! ፍላሽ ላይ ጫንኩት፣ አንዱ ማሽን ላይ ሰካሁት፣ አበራሁት። ማራገቢያው ዞረ። ጆሮዬን አስጠጋሁ… ጠበቅኩ… ምንም።

አጥፍቼ አበራሁ። ምንም።

ዓይን ያለው ሰው ማሽኑ ሲበላሽበት ስክሪኑ ላይ ምን እንደሆነ ያነባል። እኔ ግን የማነበው በድምፅ ነው፣ የጠፋው ደግሞ ድምፁ ነው። የታመመው አፉ ራሱ ነው። የቱ ጋ እንደሚያመው በምን ይንገረኝ?

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አሁንም ዝም። ጎደሬ በዳጣ በላሁ። ዛሬ የተሳካው እሱ ብቻ ነው።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

የሰው ዓይን መዋስ ግድ ሆነ። የስልኬ ካሜራ ከተሰነጠቀ ወዲህ ጽሑፍ አይለይም። ማሽኑ ሲነሳ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ደግሞ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፍላሹ እንዳይሞላ ብዬ እንዲያ ያደረግኩት እኔው ነኝ… ጎበዝ! ጓደኛዬ ቤዚ ፎቶ ኮፒ ቤቷን ዘግታ መምጣት አትችልም።

የቀሩት ጋሼ ኤልሳዕ ናቸው። መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌም ናቸው። ሰው ታመመ ሲባል ከዘመድ ቀድመው የሚደርሱ ዓይነት ሰው። ከአንደኛው ክፍል ሞኒተር ተሸክመው አመጡልኝ፣ ገመዱን ሰካን፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ኦኬ ይላል።»

«ቀጥሎስ?»

«ኦኬ።»

«ከዚያስ?»

«ልጄ፣ ኦኬ በኦኬ ነው። ጌታ ይመስገን።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ብዙው ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ጸለዩ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፣ ምን ላድርግ።

ደህና ከሆነ ለምን አይናገርም?

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ሲስተሙ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ስፒከሩ ነው ማለት ነው። ስፒከር ቀየርኩ። የጆሮ ማዳመጫ ቀየርኩ። ማሽኑን ከፍቼ አቧራውን አራገፍኩ፣ ሽቦውን ነካካሁ። ጣቴን ቆረጠኝ። ዝም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሌላ ማሽን። ያው ዝም። ጋሼ ድጋሚ አነበቡልኝ፣ ያው ኦኬ። «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ዛሬ ይህን ተረት የፈጠረውን ሰው ባገኘው…

ሜሪ በሩ ላይ ቆማ «ተናገረ?» አለች። «ገና» አልኳት። ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ሄደች፣ እሱ ነው ያናደደኝ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ተናድጄ ነው የምወጋው። ወረቀቱ ሁለት ቦታ ተቀደደ።

ቤዚ ምሳ ይዛ መጣች። ስናወራ ስንበላ ማሽኑ በርቶ ነበር፣ ሞኒተሩም።

«ሰብልዬ፣ ይሄ ቀዩ ምን ሆኖ ነው?»

«የምን ቀይ?»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ… እነሱ አረንጓዴ ናቸው። ከዚያ በቀይ ፌይልድ ይላል። ‹ፌይልድ ቱ ስታርት ሎድ ከርነል ሞጁልስ።› ወደታችም ሌላ ቀይ አለ።»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ሞጁሎቹን መጫን አልቻልኩም እያለ ነው። ድራይቨሮቹ፣ ማለት እያንዳንዱን ዕቃ የሚያሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ያሉት እዚያ ነው፣ የድምፁም። ሳምንት ሙሉ በቀይ ሲጮህ ከርሟል! እኔ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ጤነኛ ስፒከር እየነቀልኩ እሰካለሁ።

ጋሼ ኤልሳዕ ቀይ አያዩም እንዴ? ዓይናቸው ቀለም አይለይ ይሆን? እንዲያ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ያያሉ።

መዝገብ ቤት ድረስ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ቀዩን አይተውት ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ወንበራቸው ተንቋቋ። «ልጄ፣ ‹ወደቀ› የሚል ቃል እኮ ነው። ገና ሥራ ሳይጀመር፣ በማለዳ፣ በአፌ ‹ወደቀ› ብዬ ላውጅበት? ቃል ኃይል አለው። እኔ ‹ይቆማል› ብዬ ጸልዬበታለሁ።»

«ጋሼ፣ ማሽን ነው!»

«አንቺም ደክመሽ ነበር። አዘንኩልሽ። መርዶ እንኳ በአንድ ጊዜ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እህል ቀምሰሽ፣ ቀስ ተብሎ ነው…»

እዚህ ላይ ነው የፈነዳሁት። «አንዴ ዕውር ነኝ። እርስዎ ደግሞ ድጋሚ አሳወሩኝ» አልኳቸው። ሰው እየሰማ። እኔም ዱላዬን እያንኳኳሁ ወጣሁ።

አሁን ቤት ገብቼ ሳስበው የተናደድኩት በሳቸው ብቻ አይደለም። የአባቴን የኦቶና ሆስፒታል ወረቀት አክስቴ ናት ያነበበችልኝ። «ደህና ነው ይላል» አለችኝ። እኔም ደህና ነው ብዬ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ስመለስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ዓለምን እያጣፈጠ ነው ያነበበልኝ። ምሬቱን ስቀምስ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። በማርያም፣ ሰልችቶኛል!

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ቤዚ ትናንት ከሥራ ስትወጣ መጥታ ቀዩን ሁሉ ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። ዛሬ ገባኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው።

ከርነሉን ሳሳጥር «አሁን እየሠሩ ያሉትን ድራይቨሮች ብቻ አስቀር፣ ሌላውን ጣል» ብዬ አዘዝኩት። ታዘዘ። አሁን እየሠሩ ያሉት የማን ናቸው? የላፕቶፔ! የላፕቶፔን የድምፅ ካርድ ይዞ የነዚህን ድሃ ማሽኖች ጣለው። በራሴ እግር ልክ ጫማ አሰፍቼ መንደሩን ሁሉ «ተጫሙ» እንዳልኩ ቁጠረው። ሜሪ ስትሰማ የምትስቅብኝ ይመስለኛል… አትስቅም፣ ብትስቅ ይሻል ነበር።

እንደገና ኮምፓይል። አሁን የድምፁን ድራይቨር በዓይነት በዓይነቱ አስገብቻለሁ። መዝገቡም ፍላሹ ላይ ይጻፍ፣ ቢሞላም ይሙላ። ሁለተኛ ሰው አልለምንም።

ግንቦት 24፣ እሑድ

መብራት የለም። ጎረቤት ጄኔሬተር ቢኖረውም ለሠርግ አከራይቶታል። እግዚኦ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ጋሼ ኤልሳዕ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሪደር ላይ እንኳ አልተገናኘንም።

«ላንብብልሽ?»

«ቀዩንም?»

«ቃሉን በአፌ አላወጣውም ልጄ፣ እምነቴ ነው። ግን ቀይ ሲመጣ ጠረጴዛውን እመታልሻለሁ። ከዚያ ፊደሉን እቆጥርልሻለሁ።»

«ፊደሉ ኃጢአት የለውም?»

«ፊደል ፊደል ነው» አሉ፣ ኮስተር ብለው።

ሳቄ መጣ። ከስንት ቀን በኋላ። እሺ አልኳቸው።

አዲሱን ፍላሽ ሰካሁ። አበራሁ። ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ… ጠረጴዛው እስኪመታ እጠብቃለሁ። አልተመታም። ማሽኑም አልተናገረም።

«ዛሬ የሚመታ የለም» አሉ።

«ይማሉልኝ!»

«እኔ አልምልም፣ ታውቂያለሽ። ግን የለም።»

አላመንኳቸውም። ቤዚን በስልክ አስቸግሬ አስመጣኋት። እሷም አየች፣ አንድም ቀይ የለም። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ግን ሲወጡ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርገው ነው የዘጉት። ገባኝ። ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ መዝገቡን ራሴ ሰማሁት። የድምፅ ካርዱን አግኝቷል። ድራይቨሩ ተጭኗል። ስክሪን ሪደሩ፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ እየተናገረ ነው ይላል። እየተናገረ ነው! ለማን ነው የሚናገረው?

አሁን ደግሞ ማሽኑ ራሱ እንደ ጋሼ ሆኖልኛል፣ ሁሉም ደህና ነው ይለኛል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኩ። «ማሽኑስ ምን አለ?» አሉኝ። አልተናገረም አልኳቸው። ሜሪንም ጠርቼ እንዲሁ በቀጥታ ነገርኳት። «ላይሳካ ይችላል። አንባቢ ያዢ።» «እሺ፣ ግን አንቺ ተስፋ ቆረጥሽ?» አለች። አላውቅም አልኳት። እውነቱ እሱ ነው። ትንፋሿን ሰማሁት፣ ከበደኝ። ክፉ ወሬ ማውራት ለካ እንዲህ ነው የሚከብደው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ተናገረ!!

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልረሳ። መዝገቡን ለስንተኛ ጊዜ ሳዳምጥ ከታች አንዲት መስመር… ድምፁ የሚወጣበት መንገድ፦ በሞኒተሩ ገመድ። ሞኒተር ሲሰካለት ድምፁን ሁሉ ወደ ሞኒተሩ ይልካል። ያ ሞኒተር ደግሞ ስፒከር የሌለው ነው። ለካ ስንት ቀን ሙሉ ለዚያ ደንቆሮ ሞኒተር ሲለፈልፍ ነው የከረመው።

ሞኒተሩን ለማን ነው የሰካነው? እኔ ምን ያደርግልኛል? ለሚያነብልኝ ሰው ነው እኮ! የሰው ዓይን ልዋስ ብዬ የማሽኑን አፍ ዘጋሁት።

ተነስቼ ስሮጥ ትከሻዬን ከበሩ ጋር አጋጨሁት። ገመዱን ይዤ መነጨቅኩት። ወዲያው በዚያ በአፍንጫው ድምፅ መናገር ጀመረ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። «ምን አደረግሽው?»

«የእርስዎን ሞኒተር ነቀልኩት።»

«እና አፉን ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ?» አሉ። ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ።

ሜሪ ከሰዓት መጣች። ማሽኑን አማርኛ አስነበብኩላት። ጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ለረጅም ጊዜ ሰማች። «መምህር፣ የሱም አማርኛ እንደኔ ነው፣ ይሰባበራል» አለች። ወደዳችው ማለት ነው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ደስታ በኛ ቤት አያድርም። ዲኑ መጥቶ አየና «መልካም ነው፣ ግን ፈታኙ ምን እያየ ይቆጣጠራል? ሞኒተር የግድ ይሰካ» አለ። ሞኒተር ከተሰካ ደግሞ ዝም ይላል። ሞኒተሩን ፊት ለፊቱ ሰካሁት፣ ማሽኑ ዝም አለ። «አየህ?» አልኩት። «እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው» ብሎኝ ሄደ። በትህትና ነው ደግሞ ያለው፣ ይበልጥ የሚያበግነኝ እሱ ነው።

ቁጭ ብዬ ድምፁ ምንም ይሰካ ምን በጆሮ ማዳመጫው ብቻ እንዲወጣ አሰርኩት። ከብዙ ሙከራ በኋላ እሺ አለ። የሚሠራው ግን ይሄ አንድ ማሽን ላይ ነው። ሌሎቹ? አንዱ ይናገራል፣ አንዱ እንደ ጥሩንባ ይጮሃል፣ የቀሩት ያው ጣውላ። አሁን ጊዜ የለኝም። ለሜሪ አንድ ይበቃል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ፈተናው ዛሬ ነበር። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። መብራት እንዳይሄድ፣ ማሽኑ እንዳይደርቅ፣ ፈታኙ ገመድ እንዳይነካ… ጋሼ አጠገቤ ይጸልያሉ። ዛሬ ደስ አለኝ ሲጸልዩ።

ሜሪ ወጣች። እጇ ላብ በላብ።

«አነበበልሽ?»

«ሁሉንም አነበበ። አንዱንም ጮክ አላደረገም።»

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ውጤት ተለጠፈ ተባለ። ወረቀት ላይ፣ ቦርድ ላይ፣ በመስታወት ተዘግቶ። ይሄን ሁሉ ደክመን መጨረሻው ያው ወረቀት!

ሜሪ ልጆቹን ጠየቀቻቸው። አንዷ «ሰው በዝቷል፣ አላየሁትም» አለች። ሌላው «የናንተ ገና ሳይሆን አይቀርም» አለ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ እግራቸው ፈጠነ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ድንኳን ተተክሎ የሰማሁት ድምፅ ነው።

«ጋሼ ኤልሳዕን ጥሪልኝ» አለች ሜሪ።

መጡ። ወደ ቦርዱ ሄዱ። ቆዩ። ሲመለሱ እርምጃቸው ከበደ። እና እኔ ምን አደረግኩ? እኔ፣ ያን ሁሉ የጮህኩት ሰብለ፣ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ጋሼ፣ ቢሮ ገብተን፣ ሻይ ጠጥታ…» አልኩ። አፌን ራሴ ሰማሁት። አፈርኩ። ግን ክንዳቸውን አልለቀቅኩም።

እሳቸው እጄን ቀስ ብለው አነሱት።

«ሜሪ ልጄ፣ አማርኛ አልፈሻል። እንግሊዝኛ አልፈሻል። ፔዳጎጂ አልፈሻል።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ሒሳብ ወድቀሻል።»

በአፋቸው። ቃሉን ራሱን።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። እኔ አላስቻለኝም። «ማሽኑ ይሆናል ሜሪዬ፣ ክፍልፋይ ሲያነብ ይቀላቅላል፣ ለዲኑ እነግረዋለሁ፣ እኔ ነኝ በደንብ ያልሞከርኩት…» እያልኩ ቀጠልኩ።

«አይ መምህር» አለች። «እሱ በደንብ ነው ያነበበልኝ። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።»

የምትደግመው ሒሳብን ብቻ እንደሆነ ጋሼን ጠየቀች። «እሱን ብቻ ነው» አሏት። እንባዋን ጠረገች፣ ወደ ክፍላችን ገባች፣ ማሽኑን ራሷ አበራችው።